ከጥጥ እስከ ሞዴስ፤ የመጣጭ ዕቃዎች አጭር ታሪክ

መግቢያ

በመምህራን ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩታችን የታሪክ ማስተማሪያ ዘዴን ስንሰጥ ሠልጣኞችን ዘወትር የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። «በሃያኛው መቶ ዓመት ከተፈጠሩት ነገሮች ውስጥ የሰውን የዕለት ኑሮ ይበልጥ የለወጡት የትኞቹ ናቸው?» እንላለን። መልሱ ከዓመት ዓመት እምብዛም አይለወጥም። አውሮፕላን፣ ራዲዮ፣ የአቶሚክ ኃይል፣ ፔኒሲሊን፣ ኮምፒዩተር ይባላል። ሰሌዳው በእነዚህ ስሞች ከሞላ በኋላ ግን በክፍሉ ውስጥ ያሉት ሰዎች በዚያው ሳምንት ከሱቅ የገዙትን ተራ ዕቃ የጠራ እንደሌለ እናስተውላለን። ሶፍት ያለ የለም። የሕፃን ዳይፐር ያለ የለም። ሞዴስ የሚለውን ቃል ደግሞ በወንዶችና በሴቶች መካከል ጮክ ብሎ የሚናገር ማግኘት ጭራሽ አስቸጋሪ ነው።

ለዝምታው ምክንያት አለው። እነዚህ ዕቃዎች ከንፍጥ፣ ከሽንትና ከወር አበባ ጋር የተያያዙ በመሆናቸው በአደባባይ አይነሡም። ሆኖም የታሪክ ተማሪ ነውር ነው ብሎ የሚዘለው ነገር ሊኖር አይገባም። እንዲያውም አንድ ነገር በዝምታ መታለፉ ራሱ ለታሪክ ጥናት ማስረጃ ይሆናል። ለምሳሌ ያህል «ሞዴስ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ቃሉ መጀመሪያ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1920ዎቹ ለገበያ ያቀረበው የአንድ ዕቃ የንግድ ስም ነበር። በእኛ ከተሞች ግን የየትኛውም ፋብሪካ ምርት ቢሆን የወር አበባ መቀበያ ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራል። የባለፋብሪካው ስም እንዳለ የእኛ ቃል መሆኑ ዕቃው ከሩቅ መምጣቱን፣ እኛም ስለ እርሱ ብዙ ሳንነጋገር መቀበላችንን ይመሰክራል።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ፈሳሽ የሚመጡና አንዴ አገልግለው የሚጣሉ ዕቃዎች ከየት ተነሥተው እዚህ እንደደረሱ ለአንባቢያን ለመግለጽ እንሞክራለን። ታሪኩን ስንከታተል «ማን ፈጠረው?» ብለን ብቻ አናቆምም። «ችግሩ የማን ነበር? ባለችግሩስ ተጠይቆ ነበር ወይ?» የሚለውን ጥያቄ አብረን እናነሣለን። ከዚህ በታች እንደሚታየው የእነዚህ ዕቃዎች መሳካትም ሆነ መክሸፍ ብዙውን ጊዜ በዚህ ሁለተኛው ጥያቄ መልስ ላይ የተመሠረተ ነበር። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እናስታውሳለን።

ጥጥና የጦርነት ቁስል

ነገሩን በአንድ ቀላል ሙከራ እንጀምር። ከገበያ የተገዛ የፈትል ጥጥና ከፋርማሲ የተገዛ ጥጥ በሁለት ብርጭቆ ውሃ ላይ ይጣሉ። የፋርማሲው ጥጥ ወዲያው ውሃውን ስቦ ይሰምጣል። የፈትሉ ጥጥ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ይንሳፈፋል። ሁለቱም ያው ጥጥ ሆነው ሳለ ይህ ልዩነት የመጣው፣ የጥጥ ቃጫ በተፈጥሮው ሰም በመሰለ ቅባት የተሸፈነ በመሆኑ ነው። ቅባቱ ሲወገድ ሴሉሎስ የተባለው የቃጫው አካል ከውሃ ጋር ይገናኛል። በቃጫዎቹ መካከል ያለው ቀጭን ክፍተትም ውሃውን ወደ ውስጥ ይስበዋል።

ይህን ጠባይ ለሕክምና ካዋሉት ሰዎች አንዱ በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ የነበረው ሳምፕሰን ጋምጂ ነው። ጋምጂ በ1880 ቅባቱ የተወገደለትን ጥጥ በሁለት ስስ የፋሻ ጨርቅ መካከል አድርጎ ለቁስል መሸፈኛ አዘጋጀ። ዛሬ በማንኛውም ሱቅ የምናገኘው ሞዴስም ሆነ ዳይፐር በአሠራሩ ከዚህ አልራቀም። ከላይ ስስ መሸፈኛ፣ ከመካከል መጣጭ ነገር፣ ከታች ደግሞ ፈሳሽ የማያሳልፍ ንጣፍ አለው። ጋምጂ ያሰበው ግን ለቆሰለ ሰው ነበር።

ከዚያ በኋላ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ከ1914 እስከ 1918 በተካሄደው በዚህ ጦርነት ጥጥ ለሁለት ተቃራኒ ሥራዎች ተፈለገ። በአንድ በኩል ቁስል ለመሸፈን አስፈላጊ ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ከናይትሪክ አሲድ ጋር ተዋሕዶ የጥይትና የመድፍ ባሩድ ይሠራበት ነበር። የሚያቆስለውም የሚያክመውም አንድ ማሳ ላይ የበቀለ ተክል ሆነ ማለት ነው። በዚህ ሽሚያ የተነሣ ጥጥ ሲያጥር ሐኪሞች ሌላ መጣጭ ነገር ለመፈለግ ተገደዱ።

በስኮትላንድ አገር በኤዲንበርግ ከተማ ቀዶ ሐኪም የነበረው ቻርልስ ካትካርት ፊቱን ወደ ረግረግ ቦታዎች አዞረ። በዚያ ስፋግነም የሚባል፣ ሥርም አበባም የሌለው አጭር አረንጓዴ ተክል ይበቅላል። ይህ ተክል ሲደርቅ የክብደቱን ሃያ እጥፍ ያህል ፈሳሽ ለመያዝ ይችላል። አሲድነት ስላለው የባክቴሪያን እድገትም ይገታል። የእንግሊዝ የጦር ሚኒስቴር ከተቀበለው በኋላ ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ በየረግረጉ እየወረዱ ይለቅሙት ጀመር። ተክሉ ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ በከረጢት ተሰፍቶ ወደ ጦር ሜዳ ይላካል። በ1918 ከእንግሊዝ በየወሩ አንድ ሚሊዮን ያህል የስፋግነም የቁስል መሸፈኛ ይላክ እንደነበረ ተመዝግቧል።

እንጨት ጥጥ ሲሆን

በዚያው በ1914 በዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት ይገኝ የነበረው ኪምበርሊ ክላርክ የተባለ የአሜሪካ የወረቀት ኩባንያ ሁለት ሰዎችን ወደ አውሮፓ ልኮ ነበር። አንደኛው ጄምስ ኪምበርሊ፣ ሁለተኛው ደግሞ ትውልዱ ኦስትሪያዊ የሆነው የኬሚስትሪ ባለሙያ ኧርነስት ማለር ነበሩ። በዚያም ከፐልፕ የተሠራ፣ የተሸበሸበና ለስላሳ ንጣፍ ተመለከቱ። ፐልፕ የምንለው ተፈጭቶና በኬሚካል ተቀቅሎ እንደ ገንፎ የሆነ እንጨት ነው። የእንጨትም ቃጫ እንደ ጥጥ ሁሉ ሴሉሎስ ስለሆነ ይመጣል። ማለር ይህን አሻሽሎ «ሴሉኮተን» የሚል ስም ሰጠው። ኩባንያው እንደሚናገረው ሴሉኮተን ከጥጥ አምስት እጥፍ ይመጣል፤ ዋጋውም ከጥጥ ያነሰ ነበር።

አሜሪካ በ1917 ወደ ጦርነቱ ስትገባ ሴሉኮተን ለሠራዊቱና ለቀይ መስቀል በብዛት ቀረበ። ጦርነቱ በኅዳር 1918 ሲያበቃ ግን የመንግሥት ግዢ በድንገት ቆመ። መኪናዎቹ ተተክለዋል፤ ዕቃው በመጋዘን ተከማችቷል፤ ቁስለኛው ግን ቀንሷል። ኩባንያው ለዚህ ሁሉ ሴሉኮተን ሌላ ገዢ መፈለግ ነበረበት።

መፍትሔው የተገኘው በኩባንያው ቤተ ሙከራ አይደለም። በጦር ሜዳ ሆስፒታሎች ያገለገሉ ነርሶች ለቁስል የመጣውን ሴሉኮተን ለወር አበባቸው ይጠቀሙበት ነበር። በዚያን ዘመን አብዛኞቹ ሴቶች የሚጠቀሙት ጨርቅ አጣጥፈው፣ ሌሊት አጥበውና ደብቀው አስጥተው ነበር። በጦር ሜዳ ሆስፒታል ደግሞ ጨርቅ ለማጠብ ጊዜም ውሃም ቦታም የለም። ስለዚህ ነርሶቹ የሚመጣና የሚጣል ነገር በእጃቸው እንዳለ ሲያዩ የራሳቸውን ችግር በራሳቸው ፈቱ። ኩባንያው ይህን ባወቀ ጊዜ በ1920 «ኮቴክስ» የተባለውን የወር አበባ መቀበያ ለገበያ አቀረበ።

ይሁን እንጂ ኩባንያው ዕቃውን በራሱ ስም ለመሸጥ አልደፈረም። ሽያጩን የሚያካሂድ ሌላ ድርጅት በሌላ ስም አቋቋመ። ማስታወቂያውን አናወጣም ያሉ መጽሔቶች ነበሩ። ዕቃውን በግልጽ ለመደርደር ያፈሩ ባለሱቆችም ነበሩ። ሴቶች ደግሞ በባንኮኒ ጀርባ ለቆመ ወንድ ሻጭ የፈለጉትን መንገር አፈሩ። በመጨረሻ የተገኘው ዘዴ፣ ምንም ምልክት በሌለው ወረቀት የተጠቀለለውን ዕቃ ባንኮኒ ላይ ማስቀመጥና ከአጠገቡ የገንዘብ ሣጥን ማኖር ነበር። ሴትዮዋ ገንዘቡን ሣጥኑ ውስጥ ጥላ፣ ጥቅሉን አንሥታ፣ ምንም ቃል ሳትናገር ትወጣለች። የመጀመሪያዎቹ ማስታወቂያዎችም ቢሆኑ የነርስና የቁስለኛ ወታደር ሥዕል ነበር የሚታይባቸው። ስለ ሴት አካል መናገር ስላልተቻለ ስለ ጦርነት መናገር ይቀል ነበር።

ፒዮሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ

በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት፣ በኢሊኖይ ወንዝ ዳር ፒዮሪያ የምትባል መካከለኛ ከተማ አለች። የአሜሪካ ነጋዴዎች የዚህችን ከተማ ነዋሪዎች የመላ አገሪቱ ሕዝብ አማካይ አድርገው ይመለከቷቸው ስለነበረ፣ አዲስ ዕቃ ሲወጣ «ፒዮሪያ ላይ ይወደድ ይሆን?» ማለት የተለመደ ነበር። ይህች ከተማ በታሪካችን ውስጥ ሦስት ጊዜ ትመለሳለች።

ያው ኩባንያ በ1924 ሴሉኮተንን አሳስቶ «ክሊኔክስ» የተባለ ስስ ወረቀት አወጣ። እኛ ሶፍት የምንለው ዓይነት መሆኑ ነው። ኩባንያው ያሰበው ሴቶች ፊታቸውን የተቀቡትን ክሬም እንዲጠርጉበት ነበር። ማስታወቂያውም የፊልም ተዋናዮችን እያሳየ ይህንኑ ይሰብክ ነበር። ከገዢዎች የሚመጡት ደብዳቤዎች ግን ሌላ ነገር ይናገሩ ጀመር። ሰዎች በወረቀቱ አፍንጫቸውን ይናፈጡበት ነበር። በ1930 ኩባንያው ለማረጋገጥ በፒዮሪያ ጋዜጣ ላይ ሁለት ዓይነት ማስታወቂያ አወጣ። አንደኛው የክሬም መጥረጊያ፣ ሁለተኛው የሚጣል መሐረብ የሚል ነበር። መልስ ከሰጡት ውስጥ 60 በመቶ ያህሉ ለመሐረብነት እንደሚፈልጉት አስታወቁ። ከዚያ በኋላ ማስታወቂያው ተለወጠ፤ ሽያጩም በፍጥነት አደገ። ዕቃው ያው ነበር። የተለወጠው ባለዕቃው ተጠቃሚውን መጠየቁ ብቻ ነው።

ሰሚ ያጡ ፈጣሪዎች

ከላይ የተመለከትናቸው የነርሶቹና የፒዮሪያ ሰዎች ታሪኮች ባለችግሩ የተደመጠባቸው ናቸው። ያልተደመጠባቸው ደግሞ አሉ።

ሜሪ ቢያትሪስ ኬነር በ1912 በሰሜን ካሮላይና የተወለደች ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። በዚያን ጊዜ የወር አበባ መቀበያ ዛሬ እንደምናየው ማጣበቂያ አልነበረውም። በወገብ ላይ በሚታሰር ቀበቶ ይያያዝ ስለነበረ ይንሸራተታል፤ ልብስም ያበላሻል። ኬነር መቀበያውን በቦታው የሚያጸናና እርጥበት የማያሳልፍ ኪስ ያለው ቀበቶ ገና በወጣትነቷ አስባ ነበር። ለፈጠራ መብት ማስመዝገቢያ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበራት ግን ዓመታት አለፉ። መብቱን ያገኘችው በ1956 ነው። ከዚያም አንድ ኩባንያ ፈጠራዋን ሊገዛ ፈልጎ ሰው ላከባት። መልእክተኛው መጥቶ ጥቁር መሆኗን ባየ ጊዜ ግን ኩባንያው ፍላጎቱን እንዳነሣ ራሷ ተናግራለች። በ1970 ገደማ በስተጀርባው ማጣበቂያ ያለው መቀበያ ገበያውን ሲይዝ ቀበቶው ከጥቅም ውጪ ሆነ። ኬነር በስሟ አምስት የፈጠራ መብቶች ብታስመዘግብም ሀብት አላፈራችባቸውም።

ማሪየን ዶኖቫን ደግሞ የትንንሽ ልጆች እናት ነበረች። የጨርቅ ዳይፐር እርጥበት ያሳልፋል፤ በላዩ የሚለበሰው የጎማ ሱሪ ደግሞ የሕፃኑን ገላ ያቆስላል። ዶኖቫን የሻወር መጋረጃ ቆርጣ በስፌት መኪናዋ ሽፋን ሠራች። በኋላም የፓራሹት ናይለን ተጠቀመች፤ ሕፃኑን የሚወጋውንም መርፌ ቁልፍ ትታ ተጭኖ የሚዘጋ የፕላስቲክ ቁልፍ አደረገችለት። ፋብሪካዎች አልቀበል ሲሏት በ1949 በኒው ዮርክ በሚገኝ ትልቅ መደብር ራሷ መሸጥ ጀመረች። በ1951 የፈጠራ መብቱን አግኝታ በአንድ ሚሊዮን ዶላር ሸጠችው። ቀጥላ ከወረቀት የተሠራና የሚጣል ዳይፐር ሐሳብ ይዛ ወደ ወረቀት ኩባንያዎች ሄደች። ሥራ አስኪያጆቹ አስፈላጊነቱ አልታያቸውም። አጥበው የማያውቁት ሰዎች «ምን ያስፈልጋል?» ቢሉ የሚያስገርም አይደለም።

ፒዮሪያ ለሁለተኛ ጊዜ

ዶኖቫን ያቀረበችው ሐሳብ ውሎ አድሮ በሌላ በኩል ተመልሶ መጣ። ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የተባለው ኩባንያ በ1957 አንድ የወረቀት ፋብሪካ ገዛ። የኩባንያው መሐንዲስ ቪክተር ሚልስ የልጅ ልጁን የሽንት ጨርቅ መቀየር አሰልችቶት ስለነበረ፣ ባልደረቦቹ የሚጣል ዳይፐር እንዲሠሩ አደረገ። የመጀመሪያው ሙከራ በሞቃታማዋ በዳላስ ከተማ ከሸፈ። በፕላስቲክ ሱሪ የሚያዝ ስለነበረ ወላጆች በዚያ ሙቀት ልጆቻቸውን ሊያለብሱ አልፈለጉም። ባለሙያዎቹ አሻሽለው በ1959 በእጅ የተገጣጠሙ 37,000 ዳይፐሮችን በሮቸስተር ከተማ አደሉ። በዚህ ጊዜ አብዛኞቹ ወላጆች ወደዱት።

በታኅሣሥ 1961 «ፓምፐርስ» በሚል ስም በፒዮሪያ ለሽያጭ ቀረበ። የአንዱ ዋጋ 10 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። እናቶች ዕቃውን ወደዱት፤ ነገር ግን ለየቀኑ አይገዛም አሉ። አንድ ሕፃን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚቀየር የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና ሒሳቡን ወዲያው ሠሩት። ኩባንያው በፍጥነት የሚሠራ መኪና ቀርጾ፣ ምርቱን አብዝቶ ዋጋውን ወደ 6 ሳንቲም አካባቢ ካወረደ በኋላ ነው ዕቃው የተስፋፋው። አንድ ፈጠራ መሥራቱ ብቻ እንደማይበቃ፣ የባለችግሩ ኪስም የፈጠራው አካል እንደሆነ ፒዮሪያ በዚህ ታስተምረናለች።

ፒዮሪያ ለሦስተኛ ጊዜ

በዚህችው ከተማ የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር የምርምር ጣቢያ አለ። ሠልጣኞቻችን ሁልጊዜ የሚጠሩት ፔኒሲሊን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በብዛት የሚመረትበት ዘዴ የተጠናው በዚህ ጣቢያ ነው። የጣቢያው ዋና ዓላማ ከገበሬው የሚተርፈውን እህል፣ በተለይም በቆሎን፣ ለአዲስ ጥቅም ማዋል ነበር።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ የጣቢያው ኬሚስቶች የበቆሎ ስታርችን ከአንድ ሰው ሠራሽ ፖሊመር ጋር አዋሕደው አዲስ ዱቄት አወጡ። ዱቄቱ የክብደቱን በብዙ መቶ የሚቆጠር እጥፍ ንጹሕ ውሃ ጠጥቶ እንደ ሙቅ ይረጋል። ካሰቧቸው ጥቅሞች ዋና ዋናዎቹ የእርሻ ነበሩ። ዘር ቢለበጥበት፣ በአሸዋማ አፈር ቢደባለቅ እርጥበት ይይዛል ብለው ነበር።

አሠራሩን በኬሚስትሪ ትምህርት ማስረዳት ይቻላል። ፖሊመሩ ረጃጅም ሰንሰለቶች በየቦታው ተያይዘው የተሠሩ መረብ ነው። በመረቡ ውስጥ የሶዲየም አዮኖች ታስረው ይገኛሉ። ከውጭ ያለው ውሃ በኦስሞሲስ ኃይል ወደ አዮኖቹ ይገባል፤ መረቡም ያብጣል፤ ሰንሰለቶቹ ግን የተያያዙ በመሆናቸው አይሟሟም። ጥጥና ፐልፕ ውሃውን በክፍተታቸው ስለሚይዙት ሲጨመቁ ይለቁታል። ይህኛው ግን ቢጨመቅም በቀላሉ አይለቅም። ሽንት ጨው ስላለበት የሚመጠጠው መጠን ከንጹሕ ውሃ በጣም ያነሰ ቢሆንም እንኳ ከፐልፕ እጅግ ይበልጣል።

በሌሎች ኩባንያዎች ቤተ ሙከራዎችም ተመሳሳይ ሐሳብ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲጠና ቆይቶ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ በጃፓን እንዲህ ያሉ ዱቄቶች በወር አበባ መቀበያ ውስጥ ገቡ፤ በ1980ዎቹ ደግሞ ዳይፐር ውስጥ ተስፋፉ። ወፍራም የነበረው ዳይፐር የሳሳው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ በዳይፐር ውስጥ ያለው ዱቄት በአብዛኛው ከበቆሎ ሳይሆን ከነዳጅ ዘይት ውጤቶች የሚሠራ ነው። ለደረቅ መሬት የታሰበው ነገር በመጨረሻ ሕፃናትን አደረቀ ማለት ይቻላል።

መምጠጥ ብቻውን ሲለካ

ይህ የመምጠጥ ችሎታ እያደገ መሄድ ያለ ዋጋ አልመጣም። ኧርል ሃስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1933 መብቱን ያገኘበት፣ በሰውነት ውስጥ የሚቀመጥ ታምፖን የሚባል መጣጭ ዕቃ አለ። መጀመሪያ ከጥጥ ይሠራ ነበር። በ1970ዎቹ ግን ኩባንያዎች የኔ ይበልጥ ይመጣል በሚል ተፎካክረው ሰው ሠራሽ መጣጮችን አስገቡበት። «ሪላይ» የተባለው የፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ታምፖን የተሠራው ከፖሊስተር ስፖንጅና ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ ከተባለ መጣጭ ነበር።

በ1980 በአሜሪካ ብዙ ወጣት ሴቶች በድንገት ከፍተኛ ትኩሳት፣ የቆዳ ሽፍታና የደም ግፊት መውረድ ያጋጥማቸው ጀመር። በሽታው አንድ ባክቴሪያ ከሚያመነጨው መርዝ የሚመጣ ነበር። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ምርመራ በሽታውን ብዙ ከሚመጡ ታምፖኖች ጋር አያያዘው። በዚያ ዓመት ከ800 በላይ ሰዎች በዚህ ሁኔታ መታመማቸው ተመዘገበ፤ 38ቱ ሞቱ። ሪላይ በመስከረም 1980 ከገበያ ወጣ። ችግሩ ግን በአንድ ዕቃ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በ1989 በወጣ ደንብ የሁሉም ታምፖኖች የመምጠጥ መጠን በአንድ ወጥ መለኪያ በማሸጊያው ላይ እንዲጻፍ ተደረገ። ከዚያ በፊት አንዱ ኩባንያ «መካከለኛ» ያለው ከሌላው «ከፍተኛ» ሊበልጥ ይችል ነበር። ባለሙያዎቹ ፈሳሹን በጥንቃቄ ለክተዋል። የተጠቃሚዋን ጤና ግን በዚያው ጥንቃቄ አልለኩም።

ጨርቁ ሲመለስ

የሚጣል ዕቃ ሁለት ነገሮችን ይጠይቃል፤ በየወሩ የሚወጣ ገንዘብና መጣያ ቦታ። ሁለቱም በሌሉበት አገር ከፒዮሪያ የመጣው መፍትሔ ሙሉ መፍትሔ አይሆንም። ፕላስቲኩም በቀላሉ አይበሰብስም፤ በጉድጓድ መጸዳጃ ቤት ሲጣልም ጉድጓዱን ይሞላል።

ይህን ያስተዋለች አንዲት ኢትዮጵያዊት መሐንዲስ አለች። ፍሬወይኒ መብራህቱ በአሜሪካ የኬሚካል ምሕንድስና ተምራ ከተመለሰች በኋላ፣ ታጥቦ እስከ ሁለት ዓመት የሚያገለግል የወር አበባ መቀበያ ቀረጸች። በ2009 በመቀሌ ከተማ ማርያም ሰባ የተባለውን ፋብሪካ አቋቋመች። በልጅነቷ ስለ ወር አበባ የሚነግራት ሰው እንዳልነበረና በፍርሃት እንዳሳለፈችው በይፋ ተናግራለች። ከምርቱ ጎን በየትምህርት ቤቱ ለወንዶችም ለሴቶችም የሚሰጠውን ትምህርት የሥራዋ አካል ያደረገችው በዚህ ምክንያት ነው። በ2019 የሲ.ኤን.ኤን. የዓመቱ ጀግና ተብላ ተሸለመች።

ነገሩ ወደ ድሮው ጨርቅ መመለስ ይመስላል፤ ግን አይደለም። የድሮው ጨርቅ በድብቅ የሚታጠብና በድብቅ የሚሰጣ ነበር። ይህኛው መጣጭ ንጣፍና ፈሳሽ የማያሳልፍ ሽፋን ኖሮት፣ ልክ ወጥቶለት፣ ስሙ ተነግሮ የሚሰጥ ነው። በመቶ ዓመት ውስጥ የተገኘው እውቀት ሁሉ ከሴትዮዋ ኪስ፣ ውሃና መጸዳጃ ቤት ጋር ተገናዝቦ እንደገና ተቆርጦ ተሰፍቷል። መንግሥታትም ነገሩን ከትምህርት ጋር ማያያዝ ጀምረዋል። በጎረቤታችን በኬንያ በ2017 የወጣው ሕግ ለሴት ተማሪዎች የወር አበባ መቀበያ በነፃ እንዲሰጥ መንግሥትን ያስገድዳል።

ማጠቃለያ

ይህን ታሪክ ለሥራ ባልደረቦቻችን ያቀረብነው ለእውቀት ብቻ አይደለም። አንዲት ተማሪ በየወሩ ሦስት ወይም አራት ቀን ከትምህርት ብትቀር፣ በስም መጥሪያው መዝገብ ላይ የሚጻፈው «ቀሪ» የሚል ቃል ብቻ ነው። መዝገቡ ምክንያቱን አይጠይቅም። እኛም አብዛኛውን ጊዜ አንጠይቅም።

ባለፈው ዓመት ይህንኑ ትምህርት ከሰጠን በኋላ ለሠልጣኞቻችን ቁራጭ ወረቀት አደልን። ስም ሳይጽፉ፣ በተማሪነት ዘመናቸው ስለዚህ ጉዳይ የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ ጠየቅን። አንዷ፣ ትማርበት በነበረው ትምህርት ቤት የመጸዳጃ ቤቱ በር ከውስጥ ስለማይዘጋ ሙሉ ቀን ሳትጠቀም ትውል እንደነበረ ጻፈች። ሌላዋ ሰሌዳ ላይ እንድትወጣ ስትጠራ መልሱን እያወቀች «አላውቅም» ማለቷን አስታወሰች። አንድ ወንድ ሠልጣኝ ደግሞ እኅቱ በየወሩ ከትምህርት ለምን ትቀር እንደነበረ የገባው በዚያን ዕለት መሆኑን ጻፈ። ይህን የማስተማሪያ ዘዴ ለበርካታ ዓመታት ስንሰጥ ቆይተን ይህን ጥያቄ አንድ ጊዜ እንኳ አለመጠየቃችንን ስናስብ አፈርን።

ስለዚህ ትምህርቱን ለመሞከር ለሚፈልጉ መምህራን የምንጠቁመው ቀላል ነገር ነው። የጥጡን ሙከራ ከሳይንስ መምህሩ ጋር ሆኖ በክፍል ማሳየት ይቻላል። የፒዮሪያን ታሪክ ስለ ፈጠራና ገበያ በሚሰጥ ትምህርት ውስጥ ማስገባት አያስቸግርም። ሞዴስ፣ ሶፍትና ዳይፐር የሚሉትን ቃላት ያለ ሳቅና ያለ ሹክሹክታ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ይገባል። መምህሩ ካላፈረ ተማሪው ለማፈር ምክንያት ያጣል። ከዚያ በኋላ ቁራጭ ወረቀት አድሎ መጠየቅ ነው።

የሚመጡት መልሶች ምናልባት የበር መዝጊያ፣ ባልዲ ውሃ፣ የቆሻሻ መጣያ ወይም ለአንዲት ሴት መምህር የሚሰጥ የቁም ሣጥን ቁልፍ የሚጠይቁ ይሆናሉ። እነዚህ ትልቅ ገንዘብ የሚሹ አይደሉም። በየዓመቱ የትምህርት ቤት በጀት ሲያዝ ሳይነሡ የሚታለፉት ከኖራና ከጣውላ ዋጋ በልጠው ሳይሆን፣ እንዲገዙ በስብሰባ ላይ የጠየቀ ሰው ስላልነበረ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ እኛ መምህራን እንጠይቅ።